ልጆቻችን ባሉበት ሰማይ ላይ ሚሳይል ሲበር

እስራኤል ኢራንን መደብደብ ከጀመረችበት ከሰኔ 6 ቀን 2017 ዓ.ም. ንጋት አንሥቶ ተኩስ አቁም እስከተነገረበት እስከ ሰኔ 17 ድረስ በየታክሲው፣ በየሻይ ቤቱ፣ በየለቅሶ ቤቱ ሳይቀር ወሬው አንድ ነበር። ይህን ወሬ የሚነቅፉም አልጠፉም። «የራሳችን መከራ መች አነሰንና ነው የኢራንንና የእስራኤልን ጭንቀት የምንጨነቀው?» የሚሉ ጽሑፎች በማኅበራዊ ሚዲያ ሲዘዋወሩ ሰንብተዋል። እዚሁ አገሩ ላይ የተኩስ ድምፅ እየሰማ የሚያድር፣ ልጁን ትምህርት ቤት መላክ ያልቻለ ሰው እንዲህ ቢል አልፈርድበትም። የማልቀበለው፣ ይህን ስጋት የሥራ ፈቶች ወሬ አድርገው የሚያዩትን ነው። በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ልጆቻችን ሳዑዲ፣ ኩዌት፣ ኳታር፣ ዱባይና ቤይሩት በሰው ቤት እየሠሩ ባሉበት ዘመን የባሕረ ሰላጤው ጦርነት የውጭ ዜና ብቻ ሊሆን አይችልም።

ሰኔ 16 ቀን ሰኞ ምሽት ኢራን በኳታር ወደሚገኘው የአሜሪካ የጦር ሰፈር ወደ አል ዑደይድ ሚሳይል ተኮሰች። የዶሃና የአዲስ አበባ ሰዓት አንድ ስለሆነ በሁለቱም ከተማ ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ገደማ ነበር። ጎረቤታችን እማማ ልጃቸው ዶሃ በቤት ሠራተኝነት ከተቀጠረች ቆይታለች። በቴሌቪዥን የኳታር ሰማይ ሲበራ ሲያዩ ስልካቸውን ይዘው እኛ ቤት መጡ። ኢሞ ላይ ይደውላሉ፣ አይነሣም፤ ይደግማሉ፣ አይነሣም። የአገሪቱ የአየር ክልል ተዘግቷል ሲባል ጭራሽ መቀመጥ አቃታቸው። ቆይቶ አንድ የድምፅ መልእክት ገባ። «እማዬ፣ አይዞሽ፣ ደህና ነኝ። ሰማይ ላይ እሳት አይተናል። ማዳም ልጆቹን ይዛ ወደ ታች ወርዳለች፤ እኔንም ጠርታኛለች።»

እማማ መልእክቱን ደጋግመው አስከፈቱኝ። ልጃቸው ደህና መሆኗን ገና በመጀመሪያው ሰምተዋል። ማረጋገጥ የፈለጉት የመጨረሻዋን ቃል ነበር። «ጠርታኛለች ነው ያለችው አይደል ልጄ? አልተሳሳትኩም?» አሉኝ። ሌሊቱን ስለ ሚሳይል ርቀትና ስለ ዩራኒየም ማበልጸግ ከተነተኑት ሁሉ እሳቸው አደጋው የት ላይ እንዳለ በትክክል ያውቁ ነበር። በሰው አገር፣ በሰው ቤት ውስጥ ያለ ሰው በጦርነት ቀን በሕይወት መትረፉ አሠሪው ስሙን በመጥራቱና ባለመጥራቱ ላይ ሊንጠለጠል ይችላል።

ይህን ያወቁት ከሊባኖስ ነው። መስከረም 13 ቀን 2017 ዓ.ም. የእስራኤል አውሮፕላኖች ደቡብ ሊባኖስን ሲደበድቡ በዚያች አንድ ቀን ብቻ ከ500 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ቤተሰቦች መኪናቸው ላይ ፍራሽ ጭነው ወደ ቤይሩት ሲሸሹ አንዳንዶቹ ሠራተኛቸውን ቤቱን እንድትጠብቅ ትተዋት ሄዱ፤ በሩን ቆልፈውባት የሄዱም ነበሩ፤ መንገድ ላይ አውርደዋት የሄዱም ነበሩ። ለተፈናቃይ የተከፈቱት ትምህርት ቤቶች ብዙዎቹ «ለሊባኖሳውያን ነው» እያሉ የውጭ ዜጎችን መለሱ። ኢትዮጵያውያን ሴቶች ከሌሎች አፍሪካውያንና እስያውያን ጋር በቤይሩት ባሕር ዳርቻ፣ ኮርኒሽ በሚባለው መንገድ ላይ፣ ካርቶን አንጥፈው አድረዋል። ምግብ አብስለው የደረሱላቸው፣ ማደሪያ የፈለጉላቸው በአብዛኛው እንደ እነሱ በቤት ሠራተኝነት የሚኖሩ ሴቶችና ጥቂት በጎ ፈቃደኞች ነበሩ። አገራችን ለዚህ እንግዳ አልነበረችም። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ሊባኖስ ለ34 ቀናት ስትደበደብም ልጆቻችን እዚያው ነበሩ። በ2012 ዓ.ም. የሊባኖስ ኢኮኖሚ ሲወድቅ አሠሪዎች ደመወዝ ሳይከፍሉ ሠራተኞቻቸውን ከነሻንጣቸው ቤይሩት በሚገኘው የኢትዮጵያ ቆንስላ በር ላይ ጥለዋቸው ሲሄዱ ዓለም በሙሉ በምስል አይቷል።

የበለጸጉት የባሕረ ሰላጤ አገሮች ከዚህ የተሻለ መከላከያ አላቸው፣ እውነት ነው። ሆኖም ጥር 9 ቀን 2014 ዓ.ም. ኢራን የምትደግፋቸው የየመን ታጣቂዎች፣ ሁቲዎች፣ አቡ ዳቢ ላይ ባደረሱት ጥቃት የሞቱት ሦስቱም ሰዎች ሁለት ሕንዳውያንና አንድ ፓኪስታናዊ ነበሩ። ሦስቱም እንጀራ ፍለጋ ከአገራቸው የወጡ ናቸው።

ከጎንደር ወደ እስራኤል የሄዱ ወገኖችስ? ሬሆቮትና ቤርሼባ ኢትዮጵያውያን ቤተ እስራኤል በብዛት የሚኖሩባቸው ከተሞች ናቸው፤ ሁለቱም በሰኔው ጦርነት በሚሳይል ተመትተዋል። በእስራኤል ከ1990ዎቹ መጀመሪያ በፊት የተሠሩ አፓርታማዎች በአብዛኛው የተጠናከረ መጠለያ ክፍል የላቸውም። እንዲህ ባለ ሕንፃ የሚኖር ሰው ሲሪኑ ሲጮኽ ሕፃንና ሽማግሌ ይዞ ደረጃ መውረድ አለበት። ጎንደር ያለ ወንድም ቴሌቪዥን ላይ አፍጥጦ ቢያድር የሚገርመው ማን ነው?

ልጅ ያልላከ ቤተሰብም ቢሆን ዕዳው ይደርሰዋል። ኢራንና ኦማን መካከል ባለው ጠባብ የባሕር መተላለፊያ፣ በሆርሙዝ ሰርጥ፣ በዚያን ጊዜ በቀን 20 ሚሊዮን በርሜል ያህል ነዳጅ ያልፍ ነበር፤ ዓለም በቀን ከሚጠቀመው አንድ አምስተኛው ማለት ነው። በሰኔው ጦርነት ሰርጡ ሳይዘጋ፣ ሊዘጋ ይችላል በሚል ወሬ ብቻ፣ የዓለም ገበያ ዋጋ መለኪያ የሆነው ብሬንት የተባለው ድፍድፍ ነዳጅ በርሜሉ 70 ዶላር ካልሞላበት ወደ 80 ዶላር ተጠግቶ ነበር። ብር በገበያ እንዲመራ ከተወሰነበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ ደግሞ እያንዳንዷ የዶላር ጭማሪ እኛ ዘንድ ስትደርስ ምን ያህል እንደምትከብድ ታክሲ የሚሳፈር ሁሉ ያውቀዋል። ማዳበሪያውም እንዲሁ ነው። ጦርነቱ በተጀመረበት ቀን እስራኤል ሌዋታን የተባለውን የጋዝ ማውጫዋን ስትዘጋ በዚያ ጋዝ የሚሠሩ የግብፅ ዩሪያ ፋብሪካዎች ቆሙ፤ የዩሪያ ዋጋም በዓለም ገበያ ናረ። ወሩ ሰኔ ነበር፤ የጎጃምና የአርሲ ገበሬ ዘር የሚዘራበት። ከዚያ ቀደም፣ በየካቲት 2016፣ ሁቲዎች የመቷት ሩቢማር የተባለች መርከብ ከ20 ሺህ ቶን በላይ ማዳበሪያ እንደ ጫነች ቀይ ባሕር ውስጥ ሰጥማለች። የእኛም ማዳበሪያ ወደ ጅቡቲ የሚመጣው በዚሁ ባሕር ነው። በዚያው በ2017 ሰኔ ማብቂያ ላይ ደግሞ ማጂክ ሲስ እና ኢተርኒቲ ሲ የተባሉ ሁለት መርከቦች እዚያው በሁቲዎች ተመትተው ሰጥመዋል። የሰኔው ተኩስ ቆመ ማለት ጦርነቱ ከደጃችን ራቀ ማለት አለመሆኑን ከዚህ በላይ የሚያስረዳ የለም።

ሰው ሲጨነቅና የሚመልስለት ሲያጣ የሚሰማው ወሬ ነው። በእነዚያ ቀናት የድሮ የፍንዳታ ምስል የዛሬ ተደርጎ በቲክቶክና በቴሌግራም ሲሠራጭ ነበር፤ ሦስተኛው የዓለም ጦርነት ተጀመረ ብሎ ቀን የሚቆርጥ ሰባኪም አልጠፋም። እማማ ይህን ሁሉ ሲያዩ ነው የሚያመሹት። በዚህ እሳቸውን መውቀስ አይገባም። ማን ዘንድ ደውለው ልጃቸው ያለችበትን ከተማ ሁኔታ ይጠይቁ?

ፊሊፒንስ እንደ እኛ ልጆቿን ለቤት ሥራ ወደ መካከለኛው ምሥራቅ የምትልክ አገር ናት። መንግሥቷ አደጋ ላሰጋው ለእያንዳንዱ አገር ከ1 እስከ 4 የሚሄድ የአደጋ ደረጃ ያውጃል። በ1ኛው ደረጃ ዜጎች ይጠነቀቃሉ፤ በ2ኛው አዲስ ሠራተኛ አይላክም፤ በ3ኛው መመለስ የሚፈልግ በመንግሥት ወጪ ይመለሳል፤ በ4ኛው መውጣት ግዴታ ይሆናል። ማኒላ ያለች እናት ልጇ ያለችበት አገር የትኛው ደረጃ ላይ እንዳለ ከዜና ትሰማለች። ሕንድ በሰኔው ጦርነት መካከል ዜጎቿን ከኢራንና ከእስራኤል በአውሮፕላን አውጥታለች። እኛ የሕንድ ያህል አቅም የለንም ይባል ይሆናል። ደረጃ አውጥቶ ለሕዝብ መናገር ግን አውሮፕላን አይጠይቅም። የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ተቀምጠው የሚጨርሱት ሥራ ነው፤ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛና በሌሎችም ቋንቋዎች ወረዳ ድረስ ሊደርስ ይችላል።

ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እንዲህ ላለው ጊዜ ነው። በቅድመ ጉዞ ሥልጠና ላይ ልጆቹ የልብስ ማጠቢያ ማሽንና የምጣድ አያያዝ ይማራሉ፤ ሲሪን ሲጮኽ ወዴት እንደሚኬድ፣ የቆንስላው የድንገተኛ ስልክ ስንት እንደሆነ፣ አሠሪ ጥሎ ቢሸሽ በየትኛው ቦታ እንደሚሰበሰቡ ሊነገራቸውም ይገባል። ፓስፖርቱም ሌላ ጉዳይ ነው። የኳታር ሕግ አሠሪ የሠራተኛውን ፓስፖርት ይዞ እንዳይቆይ ይከለክላል፤ በሌሎቹም አገሮች በኳታርም ግን በተግባር የብዙዎቹ ፓስፖርት የሚቀመጠው በአሠሪ መሳቢያ ውስጥ ነው። አየር ማረፊያ ሲከፈት መጀመሪያ የሚወጣው ፓስፖርቱ በእጁ ያለ ሰው ነው። መንግሥት ከእነዚህ አገሮች ጋር የሠራተኛ ስምምነት ሲፈርም የደመወዙን መነሻ እንደሚደራደር ሁሉ በጦርነት ጊዜ አሠሪው ሠራተኛውን መጠለያ ይዞ የመግባት፣ ፓስፖርቱን የመስጠትና የመመለሻ ትኬቱን የመክፈል ግዴታ እንዳለበት በግልጽ ማስጻፍ አለበት። አብዛኛው የመድን ውል በጦርነት የሚደርስን ጉዳት ከሽፋን ውጪ ስለሚያደርግም ኤጀንሲዎቹ ለላኩት ሠራተኛ የገቡት መድን ይህን አደጋ ይሸፍን እንደሆነ ከመሄዷ በፊት ለራሷም ለቤተሰቧም በጽሑፍ ያሳውቁ።