ቁጥሯ ትንሽ፣ ጉራዋ ትልቅ

እስቲ አንድ ሰው ያስረዳኝ። ታርጋው ላይ 7 ብቻ የተጻፈበት ሰው 748213 ከተጻፈበት ሰው በምን ይበልጣል? ጎማው ያው አራት ነው። ነዳጅ ሲያልቅበት ይቆማል። ዝናብ ሲመጣ መጥረጊያውን ይከፍታል። ግን ያቺን አንድ ፍሬ ቁጥር ሲያይ የሰው ሁሉ አኳኋን ይቀየራል። መንገድ ይለቀቃል፣ በር ይከፈታል፣ አንገት ይዞራል። እኔ በዚህ ነገር ተቃጥያለሁ። ዛሬ ካልተነፈስኩት እንቅልፍ አይወስደኝም።

ታርጋ እኮ ለክብር የተፈጠረ ነገር አይደለም። የፓሪስ ፖሊስ በ1893 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ያዙልኝ) ባለመኪኖችን ስማችሁንና አድራሻችሁን የያዘ ሰሌዳ ለጥፉ ሲላቸው የፈለገው የቱ መኪና የማን እንደሆነ ማወቅ ነው። እንግሊዝ በ1903 ሕግ አወጣች፣ ከ1904 መጀመሪያ ጀምሮ ቁጥር የሌለው መኪና መንገድ ላይ እንዳይታይ አለች። አሜሪካ ውስጥ ማሳቹሴትስም በዚያው በ1903 ታርጋ ራሷ እያዘጋጀች ማደል ጀመረች። አሠራሩ ቀላል ነው። ቀድሞ የመጣ 1 ይወስዳል፣ ቀጥሎ የመጣ 2። በቃ፣ የመዝገብ ተራ ቁጥር። ባንክ ስትገቡ ከማሽኑ የምትቆርጧት ወረቀት ማለት ናት። 4 ቁጥር የደረሰው ሰው ያቺን ወረቀት ፍሬም አስገብቶ ሳሎኑ ውስጥ ሲሰቅል አይታችሁ ታውቃላችሁ? ለልጄ አወርሳታለሁ ሲልስ?

እሺ፣ ቁጥሩ ጥቂት መሆኑን አልክድም። ባለ አንድ አሃዝ 9 ብቻ ነው። ባለ ሁለት አሃዝ 90። ተደምሮ 99። መኪናው በመቶ ሺህና በሚሊዮን ሲቆጠር እነዚህ 99 ቁጥሮች አይወልዱም አይዋለዱም። ፋብሪካ የፈለገውን ያህል መኪና ያወጣል፣ 3 ቁጥርን ግን ሁለተኛ የሚያወጣ የለም። ጥቂት የሆነ ነገር ሁሉ ግን ክብር ነው ያለው ማነው? ጥቂት ሰው ብቻ የሚይዘው በሽታም አለ እኮ።

ደግሞ ልብ በሉ፣ ትንሽ ቁጥር የምትናገረው ስለ ገንዘብ ብቻ አይደለም። ገንዘብ ያለው ሰው ነገ ጠዋት ሄዶ የዓመቱን መኪና ያወጣል። ትንሽ ቁጥር ግን «የእኔ አያት መሪ ሲጨብጥ ያንተ አያት በእግሩ ነበር» ትላለች። ለዚህ ነው ነገሩ የገባቸው ሰዎች አዲስ መኪና ላይ የተለጠፈች ትንሽ ቁጥር ብዙም የማትገርማቸው። እነሱ ዓይናቸው የሚፈጠው ቀለሟ የለቀቀ፣ መከላከያዋ በሽቦ የታሰረ አሮጌ መኪና ላይ ባለ ሁለት አሃዝ ሲያዩ ነው። «እነዚህ የድሮዎቹ ናቸው» ይላሉ በሹክሹክታ። እና አያቱ በእግሩ የነበረው ሀብታም ምን ያድርግ? ጨረታ ይሄዳል። ሰውዬው እኮ የሚገዛው ቆርቆሮ አይደለም፣ አያት ነው! መኪና የነበረው አያት በጨረታ።

ዋጋውን ደግሞ ስሙልኝ። ዴላዌር የምትባል ትንሽ የአሜሪካ ግዛት አለች፣ ሕዝቧ አንድ ሚሊዮን ገደማ ነው። 1 ቁጥር የገዥው፣ 2 የምክትሉ፣ 3 የግዛቷ ጸሐፊ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ይሸጣል፣ ይለወጣል፣ ከአባት ወደ ልጅ ያልፋል። 9 ቁጥር በ1993 በ185 ሺህ ዶላር ተሸጠ። 6 ቁጥር በ2008 በ675 ሺህ ዶላር። የትኛው 2008? ያ ባንኮች እየተንኮታኮቱ ሰው ቤቱን የሚነጠቅበት ዓመት! በ2018 ደግሞ 20 ቁጥር 410 ሺህ ዶላር አወጣች። መኪና አልተጨመረበትም እኮ። ባዶ ታርጋ ነው። ትንሽ ቁጥር ያላቸው እዚያ በዘመናዊው ታርጋ ፋንታ የድሮውን ዓይነት፣ በጥቁር ላይ ነጭ ቁጥር ያለበትን የሚያብረቀርቅ ታርጋ ማሠራት ይችላሉ። ቁጥሩ ትንሽ መሆኑ አልበቃ ብሎ ከሩቅ እንዲለይ!

ይሄ ግን ከዐረብ ባሕረ ሰላጤ አገሮች ጋር ሲተያይ የልጆች ጨዋታ ነው። አቡዳቢ ላይ በዚያው በ2008፣ 1 ቁጥር በ52.2 ሚሊዮን ድርሃም ተሸጠ። ከ14 ሚሊዮን ዶላር በላይ ማለት ነው። ዱባይ ደግሞ በ2023 «ፒ 7» የምትባል ታርጋ 55 ሚሊዮን ድርሃም አስከፈለች፣ ወደ 15 ሚሊዮን ዶላር። አውስትራሊያም አልቀረችም። የኒው ሳውዝ ዌልስ 4 ቁጥር በ2017 ከ2.4 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር በላይ ሄዳለች። እኔ ይሄን ሁሉ ሳነብ የመኪናዬን ኢንሹራንስ በሦስት ጊዜ ክፈል ብለው ይፍቀዱልኝ እያልኩ ስልክ ላይ ነበርኩ።

ግን ፍርድ እናስተካክል። ጨረታው ያን ያህል አያናድደኝም። የዱባዩ 55 ሚሊዮን የተከፈለው የተራበ ለማብላት በተዘጋጀ የበጎ አድራጎት ጨረታ ላይ ነው። ሆንግ ኮንግም ከ1973 ጀምሮ ቁጥር እያጫረተች ገቢውን ለበጎ አድራጎት ታውላለች። ጉራውን የሚፈልግ ሰው ጉራውን ይክፈል፣ ድሃው ይብላበት። የሠለጠነ ግብር ነው ብዬ አልፈዋለሁ። እኔን የሚያንገበግበኝ በትውውቅ የሚሰጠው ነው። ሮድ አይላንድ በምትባል የአሜሪካ ግዛት ውስጥ ትንሽ ቁጥር ለረጅም ጊዜ በገዥው ቢሮ በኩል ነበር የሚታደለው፣ ለወዳጅና ለደጋፊ ነው የሚሉት ሐሜትም ተለይቶት አያውቅም። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባል የለ? መብያው ቆርቆሮ ቢሆንም። በኋላ ነው ዕጣ የመጣው። ማሳቹሴትስም አሁን በየዓመቱ ትንንሾቹን ቁጥሮች በዕጣ ታድላለች። ይሄ ይሻላል። ግን ለዕጣው የሚያመለክተው ሰው ብዛት ያሳዝናል። ብዙ ሺህ ጎልማሳ፣ ሥራ ያለው፣ ልጆች ያሉት ሰው አራት አሃዝ ይድረሰኝ ብሎ ፎርም ይሞላል።

አሁን ወደ እኔ ጉዳይ ልምጣ። ባለፈው አንድ ቦታ ዞሬ ዞሬ ፓርኪንግ አገኘሁ። መኪናዬን አስገብቼ ሞተር አጥፍቻለሁ። ጥበቃው እየሮጠ መጣና መስኮቱን ቆረቆረ።

«ወንድሜ፣ ይቅርታ፣ እዚያ ጥግ ትሆንልኛለህ?»

«ለምን? የተያዘ ነው እንዴ?»

«አይ፣ እሳቸው እየገቡ ነው። ታርጋውን አላየኸውም?»

ዞር ብዬ አየሁ። ባለ ሁለት አሃዝ። እሳቸው የተባሉት ሲወርዱ ሃያ ዓመት ያልሞላው ጎረምሳ ናቸው። በነጠላ ጫማ። አንድ እጃቸው ስልክ ይነካካል፣ በሌላው እጃቸው የቺፕስ ላስቲክ ይዘዋል። ጥበቃው ሰላምታ ሰጠ! እሳቸው ቀና ብለውም አላዩትም። ልጁን አልፈርድበትም፣ የአባቱን መኪና ይዞ ነው የወጣው። ጥበቃውንም ሙሉ በሙሉ አልፈርድበትም። አንድ ቀን የማን መኪና መሆኑን ሳይጠይቅ አስቁሞ ዋጋውን አግኝቶ ይሆናል። ሲያዩት ያናድዳል እንጂ የሚፈራው ለእንጀራው ነው። ግን እኔ ለምን ተነሳሁ? ስፍራው በመዝገብ ተራ ነው ከተባለ እኮ እኔ ነኝ ቀድሜ የገባሁት። የቁጥሩ ክብር ሁሉ «ቀድሞ መጣ» ከሚለው የመጣ አይደለም? እኔም ቀድሜ መጣሁ!

በዚህ ላይ ሌላ የሚያስቀኝ ነገር አለ። ታርጋ የገጨ ሰው እንዳያመልጥ ነው፣ አይደል? እንግዲያው ከሁሉም በቀላሉ የሚያዘው ትንሽ ቁጥር ያለው ነው። 748213ን በፍጥነት ሲያልፍ ማን ይይዘዋል? እኔ የራሴን ታርጋ ፎርም ላይ ስሞላ ወጥቼ አይቼ ነው የምመለሰው። 12ን ግን የአምስት ዓመት ሕፃን አንዴ አይቶ አይረሳትም። በዚህ ስሌት ባለ ትንሽ ቁጥር ሹፌር ከሁሉም ይበልጥ ጨዋ መሆን ነበረበት። ተገላቢጦሽ ነው እንጂ። በስህተት አቅጣጫ የሚገባው እሱ፣ የእግረኛ ማቋረጫ ላይ የሚቆመው እሱ። ሁሉም ያየዋል፣ ሁሉም ቁጥሩን ይዟል፣ የሚናገር ግን የለም። ሰው ቁጥሩን የሚይዘው ለመክሰስ ሳይሆን ማታ ለሚስቱ «ዛሬ 12 ቁጥርን አየሁት» ብሎ ለማውራት ነው።

አዎ፣ ወደ እናንተም እየመጣሁ ነው። ይሄን ነገር ያነገሥነው እኛ ባለ ስድስት አሃዞቹ ነን። ሰውዬው ጋራዥ ውስጥ ብቻውን ታርጋውን ቢያይ ምን ያደርግለታል? የሚኖረው በእኛ ዓይን ነው። ሥራ ቦታ አንድ ጓደኛ አለኝ፣ የራሱ መኪና የለውም፣ ባለ ትንሽ ቁጥር መኪና ባየ ቁጥር ግን ፎቶ አንስቶ ግሩፓችን ላይ ይለጥፋል። «ይሄ የማን እንደሆነ ታውቃላችሁ?» ይላል። ከዚያ ሃምሳ መልእክት። አንዱ የሚኒስትር ነው ይላል፣ አንዱ የለም የጀነራል ልጅ ነው ይላል፣ ሌላው የአጎቴ ጎረቤት ናቸው ብሎ ይምላል። ልጄ፣ ለስብሰባው የላክሁት ሰነድ ከታች ተቀብሯል! እሱን የከፈተው የለም።

ስሙ ያለበት ታርጋ የሚያሠራው ይሻለኛል እላለሁ አንዳንዴ። እሱ ቢያንስ አልደበቀም፣ ልታይ ልታይ ማለቱን በራሱ ስም ጽፎ ለጥፏል። ባለ ትንሽ ቁጥሩ ግን ትጠይቁታላችሁ፣ ትከሻውን ሰብቆ «ኧረ ዝም ብሎ የደረሰኝ ነው» ይላል። ዝም ብሎ ደረሰህ? መኪና በቀየርክ ቁጥር ቁጥሯን እየፈታህ አዲሱ ላይ የምታስቸክለውስ? ባለፈው እንዲህ ያለው አንድ ሰውዬ አሮጌውን መኪናውን ለሽያጭ አወጣ። የለጠፈውን ፎቶ አየሁት። ታርጋዋን በጨርቅ ሸፍኗታል፣ ከሥሩ ደግሞ በትልቁ «ታርጋው አይሸጥም» ብሏል። ስለ ሞተሩ አንድ መስመር አልጻፈም። ስንት ኪሎ ሜትር እንደነዳት ብጠይቀው እስከ አሁን አልመለሰልኝም።