ሽልማት ደመወዝ አይደለም

ሐዋሳ ውስጥ ቅዳሜ ማታ ሙዚቃ የማይሰማበት መንገድ ማግኘት ይከብዳል። ከፍቅር ሐይቅ ዳርቻ እስከ ፒያሳ ሬስቶራንቱም ግሮሰሪውም እንግዳ የሚጠራው በሙዚቃ ነው። «ላይቭ ባንድ» የሚል ባነር የሰቀለው ቤት ብዙ ነው። እኔም የምኖረው ከእነዚህ ቤቶች በአንዳንዶቹ ኪቦርድ እየተጫወትኩ ነው። ከባነሩ ጀርባ ያለው ባንድ ግን ለዚያች ማታ ስንት እንደሚከፈለው ብዙ ጊዜ አያውቅም።

አንዳንድ ቤት ቁርጥ ያለ የማታ ክፍያ ይሰጣል፤ እግዜር ይስጣቸው። አንዳንዱ ትንሽ ነገር ሰጥቶ ቀሪውን ለሽልማት ይተዋል። «መድረኩን ሰጥተናችኋል፣ የምትሸለሙት የእናንተ ነው» ብሎ የሚገላገልም አለ። እንግዳ ሲጠፋ ደግሞ ባለቤቱ ትከሻህን መታ አድርጎ «ወንድሜ፣ ዛሬ ቤቱ ቀዝቅዟል፣ የነገ ይሁን» ይልሃል። አስተናጋጇን ዛሬ ሰው ስላልመጣ ደመወዝሽ ቀረ አይላትም። ወጥ ቤቷንም፣ ዘበኛውንም አይልም። የቤቱን ኪሳራ እንዲሸከም የሚጠየቀው ሙዚቀኛው ብቻ ነው።

ሽልማትን አልጠላም። ባህላችን ነው፤ ከአዝማሪ ቤት ጀምሮ አብሮን የኖረ ነው። ግን ጠጋ ብላችሁ እዩት። ሞቅ ያለው ደንበኛ ተነስቶ ድምፃዊው ግንባር ላይ ብር ይለጥፋል። ድምፃዊው ዘፈኑን ሳያቋርጥ ብሩን ያነሳና ኪቦርዴ ጠርዝ ላይ ያስቀምጠዋል። ሌሊት 7 ሰዓት ገደማ እንግዳው ሲወጣ፣ ላብ የነካው ብር ተዘርግቶ ይቆጠራል። ጭቅጭቁ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። የተለጠፈው ድምፃዊው ግንባር ላይ ነዋ! ቤዝ ጊታር የያዘውን ልጅ ማን ይሸልመዋል? ከኋላ የተቀመጠውን ድራመርስ ማን ያየዋል? እኩል የሚካፈሉ ባንዶች አሉ። በዚህ ሒሳብ ተኳርፈው የተበተኑ ጥሩ ጥሩ ባንዶችንም አውቃለሁ።

ሙዚቃውም ይጎዳል። መሶቡን የሞላልህ የሸለመህ ሰው ከሆነ፣ ማታውን የሚመራው እሱ ነው። ጥግ ላይ ያለ አንድ ጠረጴዛ ያንኑ ዘፈን ሦስቴ ያስደግማል፤ ልጆቹን ይዞ ዓሣ ሊበላ የመጣው ቤተሰብ ጆሮውን ይዞ ይወጣል። ባለቤቱ «ባንዱ ሰው አባረረብኝ» ይላል። ባንዱን ለዚያ ጠረጴዛ አሳልፎ የሰጠው ግን ራሱ ነው።

ይህ ሥራ ደግሞ ቀላል አይደለም። ሐዋሳ የሁሉም ከተማ ናት። አንዱ የሲዳምኛ ይላል፣ ሌላው የወላይታ፣ ከወዲያ ጉራግኛ፣ ከወዲህ ኦሮምኛ፤ ከአዲስ አበባ ለስብሰባ የመጣው ደግሞ የድሮ ትዝታ ይፈልጋል። ምቱም ቅኝቱም የየራሱ ነው። ድምፃዊው ዞር ብሎ በጣቱ ምልክት ሲሰጥህ፣ በሰከንዶች ውስጥ ከትዝታ ወጥተህ ወላይታ ምት ውስጥ መገኘት አለብህ። መብራት ሲጠፋ ኪቦርዴ ጭጭ ይላል፣ ማይኩም ይሞታል። ያን ጊዜ ድራመሩና ማሲንቆው ብቻቸውን ቤቱን ይዘው ይቆያሉ፣ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ። ጨለማው ውስጥ ሰው አብሮ እያጨበጨበ ሲዘፍን ሰምቻለሁ። የዲጄ ላፕቶፕ ይህን አያደርግም።

ዓመቱም እኩል አይደለም። በፍቼ ጫምባላላ ሰሞን፣ በገብርኤል ንግሥ፣ በገና፣ በሠርግ ወራት ሥራ አለ። ዐቢይ ጾም ሲገባ ግን ብዙ ቤት ባንዱን ያሰናብታል። 55 ቀን ነው። የቤት ኪራይ ጾም አያውቅም። ጾሙን ማክበር ተገቢ ነው፣ በዚህ ክርክር የለኝም። የጾሙ ቀን ግን ቀድሞ ይታወቃል፤ ታዲያ ለሙዚቀኛው ለምን በዋዜማው ይነገረዋል? ከወር በፊት የተነገረው ሰው ማስተማርም፣ ስቱዲዮ መግባትም፣ ሌላ ነገር ማሰብም ይችላል።

ባለቤቶች የሚሉትን አውቃለሁ። ኪራዩ ንሯል፣ የጄኔሬተር ነዳጅ አለ፣ ዲጄ ይረክሳል። እውነት ነው። እንግዲያው አምስት ሰው መክፈል የማይችል ቤት ሁለት ሰው ይቅጠር፣ ለሁለቱ ግን በደንብ ይክፈል። አንድ ኪቦርድና አንድ ጥሩ ድምፃዊ ለእራት ሰዓት ይበቃሉ። አምስት ሰው በተስፋ ከማቆም ይሻላል።

ሕጉም ዝም አላለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ውሉ በጽሑፍ ካልሆነ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ዋና ዋና ነጥቦቹን ጽፎና ፈርሞ ለሠራተኛው እንዲሰጥ ያዛል። ቤቶች «እናንተ የራሳችሁን ሥራ ነው የምትሠሩት» ብለው ያመልጣሉ። በራሱ ንግድ የሚሠራን ሰው አዋጁ እንደማይመለከት አውቃለሁ። ግን ባሉት ሰዓት ገብቶ፣ ያሉትን ተጫውቶ፣ ባሉት ሰዓት የሚወጣ ሰው የምን ነጋዴ ነው? የቅጂ መብት አዋጁም፣ ቁጥር 410/1996፣ ስንጫወት ያለ ፈቃዳችን እንዳንቀረጽ ይጠብቀናል። ቤቶች ግን ቀርጸው ቲክቶክ ላይ ለማስታወቂያ ይለቁናል፣ ስማችንን እንኳ ሳይጽፉ። በዚያው ልክ እኛ የምንጫወተው አብዛኛውን የሌሎችን ዘፈን ነው፤ ለደራሲዎቹ የሚገባው ክፍያም አንድ ቀን ከዚሁ ቤት መውጣት አለበት።

ቋሚ ሥራ ምን እንደሚሠራ ከራሳችን ታሪክ ማየት ይቻላል። ኦርጋኒስቱ ኃይሉ መርጊያ የነበረበት ዋልያስ ባንድ በደርግ ዘመን በአዲስ አበባ ሂልተን ለዓመታት በቋሚነት ተጫውቷል። የዚያ ባንድ ድምፅ ዛሬም በውጭ አገር ሸክላ ላይ እየታተመ ይሸጣል። ማታ በማታ አንድ ላይ መጫወት ነው እንዲህ ያለ ድምፅ የሚያወጣው። ዛሬ እዚህ፣ ነገ እዚያ የሚንከራተት ባንድ ዘፈን ያጠናል እንጂ የራሱን ድምፅ ለማግኘት ፋታ የለውም።

ፋሲካ ሲቃረብ ቤቶች እንደገና ባንድ ማፈላለግ ይጀምራሉ። ዘንድሮ አንድ ገጽ ወረቀት ይዘን እንግባ። የማታው ክፍያ፣ የሰዓቱ ልክ፣ ሥራ ሲሰረዝ ከስንት ቀን በፊት እንደሚነገረን፣ ሽልማቱ ባንዱ ውስጥ እንዴት እንደሚከፋፈል ይጻፍበት። ሌሊት እኛንና ዕቃችንን ወደ ቤት የሚያደርሰውን መኪና ማን እንደሚከፍልም ይጻፍ።