አንድ የሙያ ቁጥር፣ ሁለት ሙያ

በአሜሪካ ምድር ጦር እስከ 2000ዎቹ መጀመሪያ ድረስ (እዚህ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በእግሩ የሚዋጋው ቀላል እግረኛ የሙያ መለያ 11ቢ፣ በብራድሌይ ብረት ለበስ የሚዋጋው ሜካናይዝድ እግረኛ ደግሞ 11ኤም ነበር። በኋላ 11ኤም ቀረና ሁሉም 11ቢ ተባሉ። ከዚያ ወዲህ ቀላል እግረኛ በሆኑት በ82ኛው አየር ወለድ ወይም በ10ኛው የተራራ ክፍለ ጦር ያደገ ሃምሳ አለቃ በአንድ የዝውውር ወረቀት ቴክሳስ፣ 1ኛ ፈረሰኛ ክፍለ ጦር ብራድሌይ ውስጥ ሊገኝ ይችላል። እግረኛ የትም ቢመደብ እግረኛ ነው የሚሉ ሰዎች ይህን ይደግፋሉ። ወታደሩ ሁለቱንም ዓለም ማየቱ በእርግጥም ይጠቅማል። ጥፋቱ ያለው ሰውየው ሥራውን ሳይማር ኃላፊነቱን እንዲረከብ መደረጉ ላይ ነው።

አዲስ ምልምል ቶሎ ይለምዳል፤ የሚነገረውን ሰምቶ ይሠራል። የሚቸገረው ማዕረጉ ከፍ ያለው ነው። ስድስትና ሰባት ዓመት ጫካና ተራራ ላይ ጓድ የመራ ሰው ሜካናይዝድ ሻምበል ሲደርስ በማዕረጉ ምክንያት የተሽከርካሪ አዛዥ ሆኖ ቱሬት (መድፉን ይዞ የሚዞረው የላይኛው ክፍል) ውስጥ ይቀመጣል። አጠገቡ ያለው ተኳሽ በማዕረግ ቢያንሰውም ሁለትና ሦስት የተኩስ ዙር (የብራድሌይ የተኩስ ሥልጠናና ፈተና) ያለፈ ነው። በብቃት ፈተናው ግን አዛዡና ተኳሹ የሚመዘኑት አንድ ላይ ነው፤ ቀንና ሌሊት አሥር የተኩስ ግጥሚያ፣ ጠቅላላው 1000 ነጥብ፣ ማለፊያው 700። አዛዡ ዒላማውን ለይቶ፣ ጥይቱን መርጦ፣ መድፉን ወደ አቅጣጫው አዙሮ ትእዛዙን በተወሰነ ቅደም ተከተል መናገር አለበት። ጀማሪው ዒላማውን በራሱ ዓይን አይቶ «ያውና!» ይላል። ተኳሹ የሚያየው በጠባብ መነጽር ስለሆነ «ያውና» ለእሱ ምንም አይነግረውም፤ እየፈለገ እያለ ሰከንዱ ያልቃል።

ባለ 25 ሚሊ ሜትሩ መድፍ በሁለት በኩል ይጎርሳል። ለተኩስ ከተዘጋጁት 300 ጥይቶች በተለመደው አጫጫን 70ው ብረት የሚበሱ፣ 230ው የሚፈነዱ ናቸው። በሰው ላይ ብረት በሺውን፣ በብረት ለበስ ላይ ፈንጂውን ያዘዘ አዛዥ ጥይቱን በከንቱ ይጨርሳል። ቶው የተባለው ፀረ ታንክ ሚሳይል ደግሞ ተሽከርካሪው ቆሞ ነው የሚተኮሰው። ሚሳይሉ ወደ 3750 ሜትር ሲሄድ 20 ሰከንድ ያህል ስለሚፈጅ ተኳሹ ሚሳይሉ ዒላማውን እስኪመታ ድረስ መነጽሩን ከላዩ ማንሳት አይችልም። በእግሩ ሲዋጋ «ተኩስና ቦታ ቀይር» የለመደ አዛዥ በመሃል «ሂድ!» ካለ ሚሳይሉ ጠፋ ማለት ነው።

ሌላው ጣጣ የመቀመጫ ነገር ነው። ጋንታው አራት ብራድሌይ አለው። የእግረኛ ጓድ ዘጠኝ ሰው ነው፤ ከኋላ ያለው መቀመጫ ግን በአዳዲሶቹ ሰባት፣ ከቀድሞዎቹ በአንዳንዶቹ ስድስት ነው። ሦስት ጓድ 27 ሰው ይሆናል። ሐኪሙ፣ የመድፍ ተኩስ መሪውና ሬዲዮ ያዡ ሲጨመሩ 28ቱ መቀመጫ አይበቃም፤ ስለዚህ ጓድ ሁሉ ለሁለት ይከፈላል። ይህን ያልለመደ መሪ ሰውን በመጡበት ተራ ይጭናል። የኋላው በር ሲከፈት መትረየስ ተኳሹ መቶ ሜትር ርቆ ከሌላ ተሽከርካሪ ይወርዳል፣ ጥይት ተሸካሚው እዚህ ይቀራል። መፍትሔው መትረየስ ተኳሹንና ጥይት ተሸካሚውን ሳይነጣጥሉ እያንዳንዱን ክፋይ ከራሱ መሪ ጋር መጫን፣ የመቀመጫውን ዝርዝር በወረቀት መጻፍ፣ ከዚያም ሞተር ሳይነሳ ደጋግሞ መውጣትና መውረድ ነው።

ወደ ውጭ ሳያይ አርባ ደቂቃ የተናጠ ሰው በሩ ሲከፈት ፊቱ ወዴት እንደሆነ አያውቅም። «በአሥር ሰዓት አቅጣጫ» ሲባል ከተሽከርካሪው አካል ይሁን ከቱሬቱ ይቆጠር ግራ ይገባዋል፤ ሁለቱ አንድ ላይ የሚገጥሙት አልፎ አልፎ ነው። «ሰሜን ምሥራቅ፣ 200 ሜትር፣ ቀይ ጣሪያ» ቢባል ያድናል። ሌላም አለ፤ ብረት በሺው ጥይት ከአፈሙዙ ሲወጣ ሽፋኑ ተበትኖ ይበራል። አደጋው ከአፈሙዙ ግራና ቀኝ 17 ዲግሪ ያህል፣ ወደ ታች 10 ዲግሪ፣ ወደ ፊት ቢያንስ 100 ሜትር ይደርሳል። ከድጋፍ ሰጪው መሣሪያ ፊት ማለፍ የለመደ ቀላል እግረኛ እዚያ ውስጥ ዘው ብሎ ይገባል፤ ይህን ማወቅ ያለበት ተኩስ ሜዳ ሳይደርስ ነው።

ጋራዡ ደግሞ ትዕግሥት ይፈልጋል። ጥሩ ሾፌር በየዕረፍቱ ወርዶ የሰንሰለቱን ጎማዎች እምብርት በእጁ ጀርባ አንድ በአንድ ይነካል። አንዱ ከሌሎቹ ይበልጥ ከጋለ ዘይቱ ፈስሷል ወይም ኩሽኔታው ሊሄድ ነው። የላላ ሰንሰለት በግራሶ ፓምፕ ይወጠራል። ያ ሳይደረግ አሸዋ ላይ ወይም ተዳፋት ላይ በኃይል የተጠመዘዘ ብራድሌይ ሰንሰለቱን ይጥላል፤ መልሶ መግጠም ጉልበትም ሰዓትም ይበላል። ሥራው ንጽህና ብቻ የሚመስለው አለቃ ሾፌሩን ለጥበቃና ለጽዳት እየላከ ይህችን ሰዓት ይነጥቀዋል።

የተገላቢጦሹ ዝውውር የሚጎዳው አካልን ነው። ለዓመታት ውኃውን፣ ባትሪውንና ጥይቱን ተሽከርካሪ የተሸከመለት ሃምሳ አለቃ አሁን ሁሉም በጀርባው ነው። ኤም 240 መትረየስ ብቻውን 12.5 ኪሎ፣ ጃቨሊን የተባለው ፀረ ታንክ ሚሳይል ከነማስተኮሻው 22 ኪሎ ገደማ ነው። የእግረኛ ብቃት አርማ የሚፈልገው 16 ኪሎ ተሸክሞ 19 ኪሎ ሜትርን በሦስት ሰዓት መጨረስ ነው፤ የዘመቻው ሸክም ከዚያ እጥፍ በላይ ይሄዳል። በሩጫ ጎበዝ መሆን ለዚህ ዋስትና አይሆንም። ጥድፊያው የእግርና የቅልጥም አጥንት ስንጥቅ ያመጣል። በሳምንት አንድ ጉዞ ከ8 ኪሎ ሜትር ጀምሮ፣ በአንድ ሳምንት ርቀትና ክብደት አብሮ ሳይጨመር፣ ሦስት ወር ሊሰጠው ይገባል። የሦስት ቀን ባትሪና ውኃ አስልቶ ለሰው ማከፋፈልንም እንደ አዲስ መማር አለበት።

በ2017 ጆርጂያ ፎርት ስቱዋርት የሚገኘው የ3ኛው እግረኛ ክፍለ ጦር 2ኛ ብርጌድ ከቀላል እግረኛነት ወደ ብረት ለበስነት ሲቀየር ሽግግሩ የብርጌዱ ዋና ሥራ ነበር። አንድ ሰው ብቻውን ሲዛወር ግን ያ ዕድል የለውም። በ2023 መጀመሪያ የዩክሬን ወታደሮች ጀርመን ግራፈንቮር ላይ ለአምስት ሳምንት ያህል በብራድሌይ ሠልጥነው ነበር። በሰኔ በደቡብ ዩክሬን ማላ ቶክማችካ አካባቢ ፈንጂ ሜዳ ላይ ብዙ ተሽከርካሪ ተጎዳ። ብረቱ ብዙ ሰው አትርፏል፤ ሆኖም መኪናውን መንዳትና መተኮስ መቻል ከፈንጂ ጠራጊ፣ ከታንክና ከመድፍ ጋር ተቀናጅቶ መዋጋት ማለት አይደለም። ያ ከአምስት ሳምንት በላይ ይፈልጋል።

ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። የኢትዮጵያ ጦር ከኦጋዴኑ ጦርነት፣ ከ1977-78 ጀምሮ ቢቲአር-60ንና ቢኤምፒ-1ን፣ የሶቪየት እግረኛ ጫኝ ብረት ለበሶችን፣ ያውቃል። ቢቲአር-60 ሞተሮቹ ከኋላ ስለሆኑ ወታደሩ የሚወጣው በጎንና በጣሪያ ነው። ቢኤምፒ-1 ከኋላ በር ቢኖረውም በሮቹ ራሳቸው ነዳጅ ይይዛሉ፣ የሚጭነውም ስምንት ሰው ነው። እግሩን ብቻ ያመነ እግረኛ ከእነዚህ የትኛው በየት በኩል እንደሚያስወጣው፣ ጓዱም እንዴት እንደሚከፈል ከውጊያው በፊት ማወቅ አለበት።

ለአሜሪካኑ ጦር ማሻሻያው ውድ አይደለም። ዝውውሩ ከብርጌዱ የተኩስ ዙር ቢያንስ አራት ወር ቀድሞ ይድረስ። ከቀላል እግረኛ የመጣው ሃምሳ አለቃ መጀመሪያ የሚያውቀውን፣ ከተሽከርካሪ የሚወርደውን ጓድ ይምራ፤ ቱሬት የሚገባው አንድ ሙሉ የተኩስ ዙር ከልምድ ያለው አዛዥ ኋላ ተከትሎ ካየ በኋላ ይሁን። ፈተናውን አብረው ያለፉ አዛዥና ተኳሽ ደግሞ ቢያንስ አንድ ዓመት አይለያዩ።