«ደባርቅ ዘመድ የላችሁም እንዴ?»

ስልኩ ከተዘጋ አሥር ደቂቃ አልሞላም። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው፣ ፊደል ብስት እለፉኝ። አልጋ ልይዝ ደባርቅ የደወልኩለት ሰውዬ ሳቀብኝ። ሳቁንስ ችዬ ባለፍኩት፤ ከሳቁ በኋላ ያላትን ቃል ግን እማዬ ሰማችው። ስልኩን ላውድ ላይ አድርጌው ነበር፣ እሷም ደስ ይበላት ብዬ። ቡና እየቆላች ነበር። እጇ ባለበት ቀረ፣ ቡናው እስኪያር ድረስ አላንቀሳቀሰችውም።

የደባርቁን ነገር ሁላችሁም ታውቃላችሁ፣ ከነሐሴ ጀምሮ ስነዘንዛችሁ ነው የከረምኩት። ሁለት ሌሊት ብቻ። እኔና እማዬ። ንጹሕ አልጋ፣ ከተቻለ ሙቅ ውኃ፣ ጠዋት ፀሐይ የምንሞቅበት በረንዳ። አንድ ቀን መኪና ይዘን ስሜን ተራሮች ፓርክ ውስጥ ወዳለው ሳንቃበር ወጣ ብለን ገደሉን አይተን፣ ጭላዳዎቹ ሣር ሲግጡ አይተን መመለስ። ይኼው ነው።

እስቲ ልድገመው፣ ቃል በቃል፣ ካልደገምኩት አንጀቴ አይርስም።

«ሄሎ፣ ጉድ አፍተርኑን!» አለ። ድምፁ ማር ነው።

«ጤና ይስጥልኝ፣ አልጋ ለመያዝ ነበር።»

ማሩ እዚያው አለቀ። «ከየት ነው?»

«ከጎንደር።»

«የየትኛው አስጎብኚ ነሽ?» ይኸው፣ በአንድ ዐረፍተ ነገር አንቺ ሆንኩ። እኔ እስከ መጨረሻው እርስዎ እያልኩት ነበር።

«የማንም አይደለሁም፣ ለራሴ ነው።»

«እንግዶቹ ስንት ናቸው?»

«ሁለት።»

«የየት አገር ሰዎች ናቸው?»

«ከጎንደር አልኩዎት እኮ። እኔና እናቴ ነን።»

ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ለቅሶ ነው?» አለኝ።

«አይደለም።»

«ሰርግ?»

«አይደለም፣ ለዕረፍት ነው። ተራራውን ልናይ።»

«እናትሽ ስንት ዓመታቸው ነው?»

«ስድሳ አራት።»

«እና ተራራው ምን ያደርግላቸዋል?»

ምን ልበለው? እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉት ነበር? እኔ እንደ ሞኝ ማስረዳት ጀመርኩ። ለብዙ ዓመት ተመኝታው ነው፣ ብዙም አንራመድም፣ ምድር ቤት ክፍል ካለ ይሻለናል እያልኩ። አላስጨረሰኝም።

«ደባርቅ ዘመድ የላችሁም እንዴ? ዘመድ ጋ አድራችሁ ብታዩት አይሻልም? ክፍል እንደሆነ የለም፣ ሁሉም ተይዟል።»

ልብ በሉ። ቀኑን ገና አልነገርኩትም! መቼ እንደምንመጣ ሳይጠይቀኝ ነው ሁሉም የተያዘው። «ቀኑን እኮ አልነገርኩዎትም» አልኩት። «ለማንኛውም ለቱሪስት ነው የሚያዘው» አለ። «እኔም እኮ ቱሪስት ነኝ» አልኩ።

ይኼን ጊዜ ነው የሳቀው። ከልቡ ነው የሳቀው። ስልኩን ሳይዘጋ አጠገቡ ላለው ሰው «አንዷ ከጎንደር አሮጊት ይዤ ልምጣ፣ ጭላዳ ላሳያት ትላለች» አለው። እሱም ሳቀ። ከዚያ ተዘጋ።

አሮጊት ያላት እናቴን ነው። ውኃ በየስንት ቀኑ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሲመጣ፣ እኛ ተኝተን ጀሪካን የምትደረድረዋን። አባቴ ከሞተ ጀምሮ ምጣድ ፊት ቆማ አራት ልጅ ያስተማረችዋን። ዓይኗ በጭስ እስኪቀላ የማንም ድግስ የሚጋገረው በእሷ እጅ ነው። የእድሩ ድስት ሁሉ በእሷ በኩል ነው የሚያልፈው። እሷን አሮጊት!

እማዬ በዕድሜዋ አንድ ጊዜ ብቻ ነው ደባርቅን ያለፈችው፣ ለአክስቷ ቀብር። ቀብሩ ከከተማው ወጣ ብሎ ሊማሊሞ አፋፍ ላይ ነበር፣ በክረምት፣ በዝናብ። ለቀስተኛው ሲመለስ ጉሙ ድንገት ተገለጠና ያ ገደል ታየ። ሾጣጣው ሁሉ፣ ታች ቆላው ድረስ። እማዬ ነጠላዋን አዘቅዝቃ እንደለበሰች ቆመች። ሹፌሩ ጥሩምባ ይነፋል፣ ሰው ውጪ ግቢ ይላታል። መኪና ስትገባ «ቁጭ ብዬ ባየሁት» አለች። ይኼን ያለችው አንዴ ብቻ ነው፣ ደግማ አላነሣችውም። እኔ ግን አልረሳሁትም። ቁጭ ብላ እንድታየው ነው ይኼ ሁሉ።

ደግሞ የሚገርመኝ እኮ መቶ ኪሎ ሜትር ነው! አስፋልት ነው። አምባ ጊዮርጊስን አልፈህ፣ ዳባትን አልፈህ፣ ደባርቅ። እኛ ተማሪ ሳለን ራስ ደጀን 4,620 ሜትር ብለን ሸምድደን ፈተና ላይ ጽፈን ኤክስ ሳይሆን ራይት ተደርጎልናል። በኋላ ደግሞ 4,550 ነው ተባለ። ከእኛ ክፍል ቁመቱን የማያውቅ አልነበረም፣ ተራራውን ያየ ግን አንድም አልነበረም። «አገርህን እወቅ» የሚባል ክበብ ነበረን፣ ክበቡ የሄደበት ሩቅ ቦታ ፋሲል ግቢ ነው፣ ከትምህርት ቤታችን በእግር ሃያ ደቂቃ። ዋልያን እማዬ የምታውቀው በብሔራዊ ቡድኑ ማሊያ ላይ ነው። በዓለም ላይ ያለው እዚሁ ስሜን ብቻ ነው ስላት «እዚህ እኛው ጋ?» አለችኝ። አዎ እማዬ፣ እዚህ እኛው ጋ። ፓርኩ በ1978 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዘገበ። በ1996 አደጋ ላይ ነው ተባለ፣ እስከ 2017 ድረስ ከዚያ መዝገብ አልወጣም። ሲወጣ እኛም እዚህ በቴሌቪዥን አይተን አጨብጭበናል። ማጨብጨብ ሲሆን የእኛ ነው፣ አልጋ ሲሆን የሌላ።

እና እባካችሁ፣ በኮሮናው ጊዜ ፈረንጅ ሲጠፋ፣ ከዚያም በጦርነቱ ሲጠፋ፣ ማን ነበር የቀረው? እኛ ነን የቀረነው። ቱሪስት የለም፣ ሞትን፣ ሠራተኛ በተንን ይሉ ነበር። ቱሪስት ማለት ማን እንደሆነ ቀድመው ወስነው ነው እንጂ፣ እኔ ብሬን ይዤ በራቸው ላይ ቆሜ ነበር። አልሰጥም አላልኩም፣ ቀንሱልኝ አላልኩም። ዋጋ እንኳ አልጠየቅኩም! እስከ ዋጋው አልደረስንም!

ብቻ እሱን ብቻዬን ምን አድርጌ እወቅሰዋለሁ፣ ሳምንቱን ሙሉ እንዲሁ ነው የከረምኩት። ማክሰኞ መናኸሪያ ሄድኩ፣ ለእማዬ ጋቢና ማስያዝ ይቻል እንደሆነ ልጠይቅ፣ ከኋላ ወንበር ጉልበቷ አይታጠፍላትም። ረዳቱ «ደባርቅ ደባርቅ፣ አንድ ሰው የቀረው!» እያለ ይጮኻል፣ ውስጥ ያሉት አራት ናቸው። እናቴን ይዤ ደባርቅ ልሄድ ነበር፣ ቦታ ማስያዝ ይቻላል ወይ ስለው ፊቴን አየና «እግዜር ያጥናሽ» አለኝ። ማን ሞተ? ማንም አልሞተም ስለው «ታዲያ ምን ልታደርጉ?» አለ። የሰው ልጅ ደባርቅ የሚሄደው ወይ ሊቀብር ነው፣ ወይ ሊድር፣ ወይ ሊከስ፣ ወይ እህል ሊጭን። አምስተኛ ምክንያት የለም። ጋቢናውን ደግሞ የሁለት ሰው ካልከፈልሽ አለኝ። እሺ አልኩት፣ እከፍላለሁ። ያኔም ቀኑ ሲደርስ እናያለን አለ።

ቤተሰብስ? አክስቴን ደውዬ «እማዬን ሁለት ቀን ላሳርፋት ነው» ስላት «በስመ አብ! ምን አፍሽ ነው!» ብላ ጮኸችብኝ። እውነቷን እኮ ነው። በእኛ አፍ አረፈች ማለት ሞተች ማለት ነው። ይኼን ነገር አስባችሁት ታውቃላችሁ? እኔ ከዚያ ቀን ወዲህ አእምሮዬ ውስጥ ገብቶ አልወጣ ብሏል። እናቶቻችን የሚያርፉበትን ቀን በቋንቋችን ሳይቀር አንድ ብቻ አድርገንላቸዋል። ሌላው ሁሉ ሥራ ነው። ወንድሜ ደግሞ ከአዲስ አበባ «ለዚህ ብር የኤሌክትሪክ ምጣድ ብትገዢላት አይሻልም?» አለኝ። ምጣድ! ለዕረፍቷ ያጠራቀምኩትን፣ የዓመት እቁቤን፣ እንድትጋግርበት ዕቃ ልግዛላት! መብራቱስ መቼ ይኖርና ነው? ደግሞ የምር ነው ያለው፣ ክፋት የለውም፣ እሱ ነው ይበልጥ ያናደደኝ።

ዘመድ ጋ እደሩ የሚለኝም ሰውዬ፣ አዎ ዘመድ አለን። የእማዬ የአክስት ልጆች አሉ። እዚያ ብንሄድ ምን እንደሚሆን እኮ አውቃለሁ። ተበድረው ዶሮ ይገዛሉ። ልጆቹን ከአልጋ አውርደው መሬት ያስተኛሉ። እማዬ ደግሞ ተቀምጣ አትበላም፣ ገና ነጠላዋን ሳታጣጥፍ ሽንኩርት ልትልጥ ጓዳ ትገባለች። ከዚያ በሰፈሩ ከባለፈው ዓመት ጀምሮ ያልደረሰችው ለቅሶ ሁሉ ይነገራታል፣ ቤት ለቤት ስታለቅስ ሁለቱ ቀን ያልቃል። ዘመድ ቤት መሄድ ክብር ነው፣ ፍቅር ነው፣ ዕረፍት ግን አይደለም። ዕረፍት ማለት ሌላ ሰው ሻይ አፍልቶ ሲያቀርብልሽ፣ ከፍለሽበት፣ ሳትነሺ መጠጣት ነው። እማዬ በስድሳ አራት ዓመቷ ይኼን አድርጋ አታውቅም።

ቀኑን ያገኘሁበትንም መከራ ልንገራችሁ። የእናቶቻችንን ወር ታውቁታላችሁ፣ ባዶ ቀን የለውም። በሰባት እዚሁ ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ መሄድ አለባት። በአሥራ ሁለት ሚካኤል ነው፣ በአሥራ ስድስት ኪዳነ ምሕረት፣ በአሥራ ዘጠኝ ገብርኤል፣ በሃያ አንድ ማርያም ማኅበር አላት፣ በሃያ ሰባት መድኃኔዓለም፣ በሃያ ዘጠኝ ባለወልድ። መሐሉን የእድር ሰው ይሞላዋል። ካሌንደር ይዤ ተቀምጬ ከሚካኤል ማግስት እስከ ኪዳነ ምሕረት ዋዜማ ያሉትን ሦስት ቀናት አገኘሁ፣ ከጥቅምት 13 እስከ 15። አሥራ አራት እኮ አቡነ አረጋዊ ናቸው አለችኝ። ደባርቅም ቤተ ክርስቲያን አለ እማዬ አልኳት፣ እዚያ ትስሚያለሽ። ጽጌን ስለምትጾም ምግቡ አያስቸግርም፣ ሽሮ ካለ በቃት። የጥቅምት ውርጭ አጥንት ይሰብራል፣ ደባርቅ ደግሞ ከ2,800 ሜትር በላይ ነው፣ ብርዱን እችለዋለሁ ወይ ብላ ስትፈራ ወፍራሙን ጋቢ አጠበችው። ከራሷ ተነሥታ ነው ያጠበችው፣ ማንም አላላትም። ያን ጊዜ ነው ልትሄድ እንደፈለገች የገባኝ።

ይኼን ሁሉ አልፌ ነው እንግዲህ ስልኩን ያነሣሁት። መንገዱ ሰላም ነው ወይ ብዬ ስንቱን ጠይቄ፣ ከመሥሪያ ቤት ፈቃድ ለማግኘት ሁለት ሳምንት ደጅ ጠንቼ። አለቃዬም «የታመመ ሰው አለ?» ነበር ያለኝ። አዎ፣ አለ ብዬ ብዋሽ ኖሮ በአንድ ቀን ይፈቅድልኝ ነበር። እውነቱን ስለነገርኩ ሁለት ሳምንት ወሰደብኝ።

የደባርቅ ሰው እንዲህ ነው አላልኩም፣ እግዚአብሔር ያውቃል። ደጋ ሰው ነው፣ እንግዳ ሲያይ አልጋውን የሚለቅ ሕዝብ ነው። የከፋኝ በዚያ አንድ በር ነው። በዚያ በር የፈረንጅ ድምፅ ሲገባ ጉድ አፍተርኑን፣ የእናቴ ድምፅ ሲገባ ሳቅ።

እማዬ ምን እንዳለች ልንገራችሁና ልጨርስ። ያረረውን ቡና ደፋችው። ሌላ አጥባ ቆላች። እኔ እያለቀስኩ ነበር፣ ዝም ብላ ቆየችና «ተይው ልጄ፣ እኔ እንደሆነ አንዴ አይቼዋለሁ» አለችኝ። እንድጽናና ብላ እኮ ነው። እኔን ልታጽናና! «ለዚያ ብር ምጣዱን ግዢው፣ ወንድምሽ ልክ ነው» አለች ደግሞ። አልገዛም። ምጣድ አልገዛም! እቁቤን ሳንቲም አልነካትም።

ጋቢው ግቢ ውስጥ ገመዱ ላይ እንደተሰጣ ነው፣ ከመስኮት ይታየኛል። ወፍራም ስለሆነ ዛሬም አልደረቀም።

እስቲ ደባርቅ የምታውቁ ሰዎች፣ አልጋ የሚያከራይ ደህና ሰው ካለ ስልኩን በውስጥ መስመር ላኩልኝ። ጥቅምት 13 ገብተን 15 እንወጣለን። ሁለት ሴቶች ነን፣ አንዷ ደረጃ አትወጣም። ሙሉውን ሒሳብ ቀድሜ እልካለሁ። ለቅሶ አይደለም፣ ሰርግ አይደለም፣ ብላችሁ ንገሩልኝ።