ቢራዬን ተዉልኝ

አሜሪካ ውስጥ ርካሽ ቢራ ማዘዝ ነውር የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው? ባለፈው አንድ መጠጥ ቤት ባድ ላይት ሳዝዝ አጠገቤ የነበረው ጢማም በሐዘኔታ አየኝ። እሱ የያዘው አይፒኤ የሚሉት የቢራ ዓይነት እንደ ኮሶ ይመራል፤ ዋጋው ደግሞ የእኔን እጥፍ!

እንደ እሱ ያሉት ሰው ለምን እንደ ሚለር ያለ ርካሽ ቢራ ይጠጣል ይላሉ። ምን ይጠጣ ታዲያ? ቀኑን ሙሉ ጣሪያ ሲጠግን የዋለ ሰው የሚያምረው ቀዝቃዛ ነገር ነው። የባድ ላይት አልኮል 4.2 በመቶ ነው። ሦስት ጠጥተህም ወሬህን ትጨርሳለህ። የእነሱን ባለ 8 በመቶ ከደገምክ ግን ወሬው አንተ ነህ።

«ባድ ላይት እኮ ሩዝ አለበት» ይሉኛል። ይኑርበታ! ጠላችን ውስጥስ በቆሎ ይገባ የለ እንዴ? ደግሞ ከመጠጣት በፊት ብርጭቆ ማሽተት ምን አመጣው፣ ሽቶ ነው?