ለተማሪው ተማሪ ይድረስለት

የ12ኛ ክፍል ውጤት በተለቀቀ ቀን አራት ኪሎ አካባቢ ካፌ የተቀመጠ ሰው ያየዋል። መለያ ቁጥሩን ስልኩ ላይ የሚያስገባው ልጅ ብቻውን አይደለም። አጠገቡ ጓደኛው አለ። ውጤቱን ከእናቱም ከመምህሩም ቀድሞ የሚያየው እሱ ነው። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ደግሞ 3.2፣ በ2016 5.4 በመቶ። ስለ ፈተናው ሌላ ጊዜ እንከራከራለን። እኔን የሚያሳስበኝ ያላለፈው ልጅ ነው። ያን ቀን ቤቱ በምን ፊት ይገባል? ከመግባቱ በፊት የሚያናግረው ጓደኛውስ ምን ሊለው ይችላል?

በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የተማሪዎች የእርስ በርስ ድጋፍ ይጀመር የምለው ለዚህ ነው። ልጆቻችን ሲከፋቸው መጀመሪያ የሚነግሩት ለእኩያቸው ነው። ያ እኩያ ግን ምን ማለት እንዳለበት ያሳየው የለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከ10 እስከ 19 ዓመት ካሉ ሰባት ልጆች አንዱ የአእምሮ ጤና ችግር አለበት። ስልሳ ተማሪ ያለበትን ክፍል አስቡት።

የመሀል ከተማው ልጅ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለበት። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳና አካባቢው ሲፈርስ ብዙ ቤተሰብ ወደ ከተማዋ ዳር ሄዷል። ትምህርት ቤቱን ያልቀየረ ልጅ በሌሊት ተነስቶ ታክሲ ይሰለፋል። አርፍዶ ሲደርስ በር ላይ ይቆማል። አብሮ አደጎቹ ተበትነዋል። ይህን ሁሉ ዩኒት ሊደሩ ላያውቅ ይችላል። አጠገቡ የሚቀመጠው ልጅ ግን ያውቃል።

ግን አጀማመሩ ላይ እንጠንቀቅ። እንዲህ ያለ ነገር ሲታሰብ ቀድሞ የሚጠራው ደረጃ የወጣው ተማሪ ወይም የክፍል አለቃው ነው። አለቃው መምህር በሌለበት የሚያወራ ሰው ስም ሲጽፍ የከረመ ልጅ ነው። ለእሱ ማን ሆዱን ይከፍታል? 1ለ5 የሚባለውንም አንርሳው። ጎበዙ ደካማውን ያግዝ የሚለው ሐሳብ ክፉ አልነበረም። ብዙ ቦታ ግን ቅጽ መሙላትና ሪፖርት ማቅረብ ሆኖ ቀረ።

ስለዚህ ተማሪዎቹ ራሳቸው ይምረጡ። ለሁሉም ብጣሽ ወረቀት ይታደልና «ሲጨንቅህ ለማን ትነግራለህ?» ተብሎ ይጠየቅ። የመላሹ ስም አይጻፍ። እየተደጋገመ የሚመጣው ስም መምህራንን ሊያስገርም ይችላል። ኋላ ወንበር የሚቀመጥ፣ ወላጅ አምጣ የተባለ ልጅ ሊሆን ይችላል። ይሁን! ሰው የሚያምነው እሱን ከሆነ መሠልጠን ያለበት እሱ ነው።

ሥልጠናው ብዙም ውስብስብ አይደለም። አንድ የ9ኛ ክፍል ልጅ «ትምህርት ላቋርጥ ነው» ቢል፣ ቶሎ አፋችን ላይ የሚመጣው «አብደሃል እንዴ?» ነው። ወሬው እዚያው ያልቃል። «አይዞህ፣ ያልፋል» ማለትም ብዙ ጊዜ ያው ነው። «ከመቼ ጀምሮ ነው ያሰብከው?» ብሎ ዝም ማለት ግን ልጁን ያስቀጥለዋል። ምናልባት የቤት ኪራይ ይወጣል፣ ምናልባት የታመመች እናት። ይህ ዝምታ ልምምድ ይጠይቃል፤ ደጋግሞ፣ ሁለት ሁለት እየሆኑ።

ከሁሉ የሚከብደው ምስጢር ነው። ደጋፊው ተማሪ «ለማንም አልናገርም» ብሎ መማል የለበትም። ራሱን ለመጉዳት ያሰበ፣ የሚደበደብ ወይም የሚደፈር ልጅ ካለ ነገሩ በዚያው ቀን ለኃላፊው መምህር መድረስ አለበት። ይህ ደግሞ ከወሬው በፊት በግልጽ ይነገር። ሌላው ሁሉ በሁለቱ መሀል ይቅር። ዳይሬክተሩም ስም አይጠይቅ።

«እነሱም እኮ ልጆች ናቸው፤ ለምን ሸክም እንጨምርባቸዋለን?» የሚሉ ወላጆች እውነት አላቸው። ሸክሙ ግን አሁንም እነሱ ላይ ነው፤ ያውም ያለ አጋዥ። ፕሮግራሙ ሲኖር በየሳምንቱ ከአንድ አዋቂ ጋር ተቀምጠው የከበዳቸውን ያወርዳሉ። የደከመው ይወጣል። የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ፈተና ስላለባቸው በደጋፊነት ባይካተቱ እመርጣለሁ። ሐኪም የሚያስፈልገውን ልጅ ወደ ሐኪም ማድረስ የአዋቂው ሥራ ነው። «አማኑኤል ገባ» ማለት ስድብ በሆነበት ከተማ ግን ልጁ ሄጄ ልታይ ብሎ እንዲደፍር የጓደኛው ቃል ብዙ ያግዛል።

ሕንፃ አያስፈልግም። በር ያለው አንድ ክፍል፣ የምሳ ሰዓትና አንድ መምህር ይበቃል። መምህሩ ግን በትርፍ ሰዓቱ በጎ ፈቃድ የሚሠራ ከሆነ ኅዳር ላይ ይቆማል፤ ክበቦቻችን እንዲህ ሆነው ሲቀሩ አይተናል። ትምህርት ቢሮው ለዚህ መምህር በሳምንት ጥቂት ክፍለ ጊዜ ይቀንስለት፣ ይህንንም መስከረም ላይ የክፍለ ጊዜ ድልድሉ ሲወጣ አብሮ በጽሑፍ ያስፍረው።