ማስተካከያ፦ ብራንዶ የነዳው ሃርሊ አልነበረም

ስለ ሞተረኛ ወሮበሎች ፊልሞች ባቀረብነው ጽሑፍ፣ አሜሪካዊው ተዋናይ ማርሎን ብራንዶ እ.ኤ.አ. በ1953 በወጣው «ዘ ዋይልድ ዋን» የነዳው የአሜሪካውን ሞተር ብስክሌት ሃርሊ ዴቪድሰንን ነው ብለን ነበር። ተሳስተናል፤ ይቅርታ እንጠይቃለን። ብራንዶ የተቀመጠበት ሞተር ብስክሌት የእንግሊዙ ትራያምፍ ተንደርበርድ ነው። ሃርሊውን የነዳው የተቀናቃኙ ቡድን አለቃ ሆኖ የተወነው ሊ ማርቪን ነበር። የአሜሪካ ወጣቶች የዓመፅ ምልክት የሆነው ሰው በባሕር ማዶ ሞተር መምጣቱን ልብ ማለት ነበረብን። የሚያስቀው ደግሞ ሞተሩ በተሠራባት ብሪታንያ የፊልም ሳንሱር ቦርድ እስከ 1967 ድረስ ለፊልሙ ፈቃድ ነፍጎት መቆየቱ ነው።

«ታሪኩ እንዳለ የተፈጸመ ነው» ማለታችንም ይታረም። በ1947 በካሊፎርኒያዋ ሆሊስተር ከተማ የሞተረኞች ሁከት መፈጠሩ እውነት ነው፤ ፊልሙ የተቀዳው ግን ያንን ሁከት መነሻ ካደረገ አጭር ልብ ወለድ ነው።